አሥራ ሁለት መደብ ለአራት ወረፋ፤ አርኤፍሲ 4594 ቤሩት ላይ ሲነበብ

አርኤፍሲ 4594 የወጣው በኦገስት 2006 ነው፤ በሊባኖስ ለ34 ቀናት የዘለቀው ጦርነት በቆመበት ወር። (ከኢትዮጵያ አዋጆች በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከቤሩት በስተደቡብ ባለው ዳሂዬ ፍርስራሹ ገና አልተነሣም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ወር የቴሌቪዥንና የሞባይል ማሰራጫ ማማዎች ሳይቀሩ በቦምብ ተመትተው ነበር። ሰነዱንና ጦርነቱን ያገናኛቸው አጋጣሚ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ጸሐፊዎቹ ጆዜፍ ባቢያርዝና ክዎክ ሆ ቻን ከኖርቴል፣ ፍሬድ ቤከር ከሲስኮ ናቸው፤ ስለ ሊባኖስ አንዲት ቃል አልጻፉም፣ እንዲጽፉም የሚጠብቅ አልነበረም። የጻፉት ስለ ጥበት ነው። መስመር ሲጨናነቅ ማን ቀድሞ ይለፍ፣ ማን ይጠብቅ፣ ማን ይጣል? ነዳጅና ዳቦ በወረፋ በተገዛባት፣ መብራት በሰዓት በሚቆጠርባት ከተማ ግን ይህ ጥያቄ የመሐንዲስ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ሰነዱ ስለ ትራፊክ ጠባይ ሲጽፍ እጅግ ጎበዝ ነው፤ ስለ ሥልጣን ሲጽፍ የዋህ ነው። ከአሥራ ሁለቱ መደቦቹ መካከል እንደ ቤሩት ላለ ጠባብ መስመር ከሁሉ የሚጠቅመውም ጸሐፊዎቹ መጨረሻ ላይ ያስቀመጡት፣ ቁጥሩንም ያሳሳቱት ዝቅተኛው መደብ ነው።

ለሙያው እንግዳ የሆነ አንባቢ ይህን ያህል ይወቅ። አርኤፍሲ የሚባሉት ኢንተርኔት የሚሠራባቸውን ደንቦችና ምክሮች የያዙ፣ በተራ ቁጥር የሚወጡ ሰነዶች ናቸው። አንዳንዶቹ መስፈርት ናቸው፤ ይኼኛው ግን ለመረጃ ተብሎ የወጣ የምክር ሰነድ ነው። መሠረቱ የተጣለው በዲሴምበር 1998 በወጡት 2474 እና 2475 ነው። እነዚያ መልእክት ተቆራርሶ በሚሄድበት በየፓኬቱ ራስጌ ላይ ስድስት ቢት ለምልክት ለዩ፤ ዲኤስሲፒ የሚባለው ይህ ሲሆን ከ0 እስከ 63 ያለ ቁጥር ይይዛል። ፓኬቱን የሚያሳልፈው ስዊች ወይም ራውተር ቁጥሩን አይቶ ወደየወረፋው ይመድበዋል። የትኛው ቁጥር ለየትኛው ሥራ ይሁን የሚለው ግን እንደየድርጅቱና እንደየመሣሪያ ሻጩ ሲለያይ ቆየ። 4594 ያንን ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ ሊሰበስብ መጣ፤ ሰብስቦታልም። ዛሬ የየትኛውም አምራች የስዊች መመሪያ ውስጥ ድምፅ 46 ነው የሚል ምክር ብታገኙ ያንኑ በዚህ ሰነድ ሰንጠረዥ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

የሰነዱ ትልቁ ብልሃት ከጥያቄው ይጀምራል። ትራፊኩ የማን ነው፣ ባለቤቱ ስንት ይከፍላል ብሎ አይነሣም። ጠባዩ ምን ይመስላል፣ የፓኬት መጥፋትን፣ መዘግየትንና የመዘግየት መዋዠቅን ምን ያህል ይችላል ብሎ ይነሣል። አሥራ ሁለቱ መደቦች የሚለያዩት በእነዚህ ሦስት መለኪያዎች ነው። ስልክ ከሦስቱም ጋር አይስማማም። አንድ ወገን እየተናገረ ሌላው የሚያዳምጥበት የተቀዳ ቪዲዮ መዘግየቱን ይችላል፤ ከተወሰነ ሰከንድ በኋላ መታየት ቢጀምር ማንም አይሞትም። ኢሜይልና ፋይል ቢዘገዩም ቢዋዥቁም ግድ የላቸውም፤ የጠፋባቸውን ራሳቸው ደግመው ያስልካሉ። የቀጥታ ቴሌቪዥን ስርጭት በሌላ በኩል መዘግየትን ችሎ መጥፋትን አይችልም፤ ስለዚህ ከተቀዳው ቪዲዮ ተለይቶ የራሱ መደብ አለው። እንዲህ ያለው ልዩነት ለማየት ቀላል ይመስላል፤ ከዚህ ሰነድ በፊት ግን ብዙ ኔትወርክ ሁለቱንም ቪዲዮ ብሎ በአንድ ጆንያ ይከታቸው ነበር።

ስለ ድምፅ የተጻፈው ክፍል ከሁሉ የተሻለው ነው፤ ምክንያቱም ድምፅ በቁጥር ሊያዝ የሚችል ነገር ነው። ጂ.711 በሚባለው የተለመደ አቀራረጽ የሚሄድ የስልክ ጥሪ በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ፓኬት ይልካል፤ በሰከንድ 50 መሆኑ ነው። እያንዳንዱ 160 ባይት ድምፅና 40 ባይት ራስጌ ሲይዝ በአንድ አቅጣጫ 80 ኪሎቢት በሰከንድ ይፈልጋል። ከዚህ አይበልጥም፣ አያንስምም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት በጂ.114 ምክሩ ከአፍ እስከ ጆሮ ያለው ጊዜ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል፤ 400ን ካለፈ ተነጋጋሪዎቹ አንዱ የሌላውን ንግግር ማቋረጥ ይጀምራሉ፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ይናገራሉ። ከቤሩት ወደ ደሴ ወይም ወደ ጅማ የደወለ ሰው ሁሉ ይህን ያለ መለኪያ ያውቀዋል። ሰነዱ ለዚህ ትራፊክ ፍጹም ቅድሚያ ያለው ወረፋ ይስጡት፣ ግን መጠኑን ይገድቡት ይላል። ሁለተኛው ሐረግ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ያልተገደበ ቅድሚያ የተሰጠው ወረፋ ሌላውን ሁሉ ያስርባል፤ ከልኩ በላይ ጥሪ ከገባበት ደግሞ አንዱ ጥሪ ብቻ ሳይሆን ሁሉም አብረው ይበላሻሉ። ጸሐፊዎቹ ይህን በግልጽ ያውቁታል፤ ጥሪዎች ከመጀመራቸው በፊት ቦታ መኖሩ እንዲረጋገጥ ይጠይቃሉ። ይህ በቂ ስላልነበረ በሜይ 2010 በ5865 ቦታ ተረጋግጦለት ለገባ ድምፅ የተለየ ቁጥር ተጨመረ።

የስልኩን ድምፅና የስልኩን መጥሪያ መለየታቸውንም አደንቃለሁ። ጥሪ የሚጀምረው፣ የሚያዞረውና የሚዘጋው መልእክት በሌላ መደብ፣ በ40 ቁጥር ይሄዳል። ድምፁ ከፍ ባለው ወረፋ እየሄደ መልእክቱ ከተራው ትራፊክ ጋር ከተጣለ፣ መስመር ያለው ግን የማይጠራ ስልክ ይኖረናል። ይህን የሚጽፍ ሰው እውነተኛ ኔትወርክ ሲበላሽ አይቷል።

ንባቡ ግን አድካሚ ነው። ከ50 ገጽ በላይ ያለው ሰነድ ለእያንዳንዱ መደብ ያንኑ አጥንት ይደግማል፦ ይህ መደብ ለእንዲህ ዓይነት ነው፣ እንዲህ ይመዘናል፣ በዚህ ቁጥር ይመዘገባል፣ እንዲህ ይስተናገዳል። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ዓይን መዝለል ይጀምራል። የተሻለው አነባበብ ከፊተኛዎቹ ሁለትና ሦስት ሰንጠረዦች ጀምሮ ወደሚያስፈልገው መደብ ብቻ መሄድ ነው። ሦስቱ የአተገባበር ምሳሌዎች ግን አይዘለሉ፤ እዚያ ነው ጸሐፊዎቹ ትንፋሽ የሚሰጡን። ሁሉንም መደብ ማንም በአንድ ጊዜ አይተክልም፣ ከሚያስፈልግህ ጀምር ይላሉ። አሥራ ሁለት ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ አስቀምጦ እንዲህ ማለት ትሕትና ነው፤ ብዙ አማካሪዎች ግን ሰንጠረዡን ወስደው ትሕትናውን ትተውታል።

ምክንያቱም ስዊቹ አሥራ ሁለት ወረፋ የለውም። በኤተርኔት በኩል ለቅድሚያ ያለው ሦስት ቢት፣ ስምንት ደረጃ ነው። በየፖርቱ መውጫ ያለው ወረፋ እንደ መሣሪያው አራት ወይም ስምንት ይሆናል። በየትንሹ ቢሮ ለዓመታት ሲያገለግል የኖረውን ሲስኮ ካታሊስት 2960 ብንወስድ አራት የመውጫ ወረፋ አለው፤ ከእነሱ አንዱን ፍጹም ቅድሚያ ያለው ማድረግ ይቻላል። አሥራ ሁለት መደብ ለአራት ወረፋ ማካፈል ማለት እንግዲህ ማን ከማን ጋር አብሮ ይቆማል ማለት ነው። ሰነዱ ስለዚህ መጠቅለል የሚናገረው ጥቂት ነው። መደቦቹን በጥንቃቄ ለይቶ አስረክቦን፣ አንድ ላይ የመክተቱን ሥራ ሜዳ ላይ ላለው ባለሙያ ይተወዋል። የእኔ ምርጫ ድምፅ ብቻውን፤ የጥሪ መልእክት፣ የኔትወርኩ የራሱ መቆጣጠሪያና የቪዲዮ ስብሰባ አብረው፤ ተራው ትራፊክ ሁሉ በአንድ፤ መጠባበቂያ ቅጅና የሶፍትዌር ማደሻ በአራተኛው ነው። ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ሊከፍለው ይችላል። ቪዲዮን ከድምፅ ጋር የሚያስቀምጠው ግን ተሳስቷል፤ አንድ ትልቅ የምስል ፓኬት መንጋ ከኋላው ያለውን ትንሽ ድምፅ ያቆመዋል፣ ቅድሚያውም ዋጋ ያጣል።

ሜዳው ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። በዚያው በ2960 ላይ የአገልግሎት ጥራት ማስተናገጃው ከፋብሪካ ሲመጣ ጠፍቶ ነው፤ ምልክቶቹን ሳይነካ ያሳልፋል። አንድ ትእዛዝ ጽፈው ሲያበሩት ፖርቶቹ በሙሉ የማይታመኑ ይሆናሉ፣ የሚገባው ምልክት ሁሉ ዜሮ ይደረጋል፣ ፓኬቶች ተራ የሚጠብቁበት የፖርቱ ማቆያም ለአራቱ ወረፋዎች እኩል ሩብ ሩብ ይከፈላል። የስልኮቹን ፖርት ለይቶ እመን ካላሉት ድምፁ ከበፊቱ ይብሳል፤ ያለው ትራፊክ በሙሉ አንድ ወረፋ ላይ ሲቆም ደግሞ የሦስቱ ወረፋ ማቆያ ባዶ ቁጭ ይላል፣ በአንዱ ላይ ፓኬት ይጣላል። ጥራት ለማምጣት የተጻፈች አንዲት መስመር ጥራት ታጠፋለች። ይህ የሰነዱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ስለ እምነት የሚያስቀምጠው ግምት እዚህ ላይ ሥጋ ለብሶ ይታያል፦ ምልክት ዋጋ የሚኖረው የሚያምነው ሲኖር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቤሩት እንግባ። ዶራ አደባባይ አካባቢ፣ ኢትዮጵያውያን እሑድ እሑድ በሚሰበሰቡበት ሰፈር፣ ጭነትና ገንዘብ የሚልክ አንድ ቢሮ እናስብ፦ ሦስት ኮምፒውተር፣ ሁለት የኢንተርኔት ስልክ፣ አንድ የጥበቃ ካሜራ፣ ለደንበኛ የተከፈተ ዋይፋይ። ባለሙያ መጥቶ ስዊቹን በሰንጠረዡ መሠረት አስተካክሎ ሄደ። ጥሪው አሁንም ይቆራረጣል። ለምን? ስዊቹ ውስጥ ወረፋ የለም ማለት ይቻላልና። 1,500 ባይት ያለው ትልቅ ፓኬት 1 ጊጋቢት በሆነው የስዊች ፖርት ለመውጣት የሚፈጅበት 12 ማይክሮሰከንድ ነው። ያው ፓኬት በመዳብ የስልክ ሽቦ በሚመጣ፣ ወደ ላይ 1 ሜጋቢት በሰከንድ ብቻ በሚልክ የኤዲኤስኤል መስመር ለመውጣት 12 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ አንድ ሺህ እጥፍ። ሞደሙ ውስጥ 256 ኪሎባይት ማቆያ ቢኖርና ካሜራው ምስል እየጫነ ቢሞላው፣ ከኋላ የመጣው ድምፅ ሁለት ሰከንድ ያህል ይቆማል። 150 ሚሊሰከንድ የተባለው ልክ እዚያ ሞደም ውስጥ አሥራ ሦስት ጊዜ ያህል አለቀ። ስዊቹ ላይ የተሠራው ሁሉ ትክክል ነው፤ የተሠራው ግን ወረፋ በሌለበት ነው።

ሰነዱ ጥበቱ የት እንዳለ ፈልጉ አይልም፤ አንባቢው ያውቃል ብሎ ይነሣል። በ2006 በኖርቴልና በሲስኮ ዓይን ኔትወርክ ማለት አንድ አስተዳዳሪ ከዳር እስከ ዳር የሚያዝበት ግዛት ነበር። በቤሩት ግዛቱ የተቆራረሰ ነው። ወደ ውጭ የሚያስወጣውን መስመርና የመዳቡን ሽቦ የያዘው ኦጄሮ የሚባለው የመንግሥት ተቋም ነው፤ የግል አገልግሎት ሰጪዎች ከእሱ ገዝተው ይሸጣሉ፤ ከእነሱ ደግሞ የሰፈር አከፋፋዮች፣ አንዳንዶቹ ያለ ፈቃድ፣ ገዝተው በጣሪያ ላይ ሽቦ ጎትተው ለጎረቤት ይሸነሽናሉ። በእያንዳንዱ እጅ ላይ ምልክቱ ዜሮ ሊደረግ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ይደረጋል። ቢሮው 46 ብሎ የላከው ፓኬት ከሕንፃው እንደወጣ ከፊልም አውራጅ ጋር እኩል ይቆማል።

ዜሮ የሚያደርጉት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። የማንንም ምልክት ካመኑ ነገ ሁሉም ሰው ፊልሙን 46 ብሎ ይልካል። በ2021 አጋማሽ ሊባኖስ ውስጥ ነዳጅ ሲጠፋ ወረፋው ኪሎሜትር አልፎ ዘመድ ያለው፣ በአረቦቹ አነጋገር ዋስታ ያለው፣ በጎን ገብቶ ሲቀዳ እንደነበረው ነው። ሰነዱ ይህን የታወቀ ጉድለት ብሎ በጸጥታ ክፍሉ ያነሣዋል፣ ጠርዝ ላይ ያለው መሣሪያ ይፈትሽ ብሎም ያልፋል። ጠርዙ የማን ነው፣ ፈታሹን ማን ይፈትሸዋል የሚለው ላይ አይቆይም። በአንድ ኩባንያ ሕንፃ ውስጥ ጥያቄው አይነሣም። ከተማ ውስጥ ግን ሌላ ጥያቄ የለም።

ቅድሚያ መስመር እንደማይፈጥርም ከቤሩት በላይ ምስክር የለም። በኦክቶበር 2021 የአገሪቱ ሁለት ትላልቅ የኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው መብራት በመላው አገር ጠፋ። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ በምዕራብ ቤሩት የመዝራዓ ስልክ ጣቢያ ናፍጣ ጨርሶ ቆመ፤ ከ26 ሺህ በላይ ደንበኞች ተቋረጡ፣ ከእነሱም ውስጥ የጸጥታ ኃይሎች የሥራ ማዘዣ ክፍል ይገኝበት ነበር። በዚያች ሰዓት 46ም ዜሮም እኩል ናቸው። ጣቢያውን የመለሰው አንድ የከተማው ነዋሪ የለገሰው ናፍጣ ነበር።

በዚህች ከተማ ስለ ድምፅና ስለ ዋጋው ሲነሣ ኦክቶበር 17 ቀን 2019ን ማለፍ አይቻልም። የቴሌኮም ሚኒስትሩ መሐመድ ሹቄር በዋትስአፕና በመሰሎቹ በሚደረግ ጥሪ ላይ በቀን 20 ሳንቲም፣ በወር እስከ 6 ዶላር እንዲከፈል ያቀረቡት ሐሳብ በዚያ ቀን ይፋ ሆነ። ሕዝቡ በዚያው ሌሊት መንገድ ዘጋ፤ መንግሥት ክፍያውን በሰዓታት ውስጥ ሰረዘ፤ ተቃውሞው ግን አልቆመም፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳአድ ሀሪሪም ኦክቶበር 29 ሥልጣን ለቀቁ። ክፍያው ብቻውን አገር አላናወጠም፤ ከሥሩ የተጠራቀመ ብዙ ነገር ነበር። እዚህ ላይ የሚያስገርመኝ ሌላ ነው፦ ቀረጡ በትክክል የለየው 4594 የለየውን ትራፊክ ነው። ትንንሽ፣ ቋሚ፣ በየ20 ሚሊሰከንዱ የሚመጡ ፓኬቶች። አንዱ ለይቶ ያስቀድማቸዋል፣ ሌላው ለይቶ ያስከፍላቸዋል። የሚለየው ዓይን አንድ ነው። ጸሐፊዎቹ መደብ የሚፈጥር መሣሪያ በማን እጅ እንደሚገባ አንድ አንቀጽ እንኳ ቢጽፉ ሰነዱ አይከብድበትም ነበር።

እኛም ከዚህ አንርቅም። በአዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት ድምፅ መላላክ በኢትዮጵያ ተከልክሎ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በወንጀል አስቀመጠው። ክልከላው በወረቀት ላይ እያለ ከዐረብ አገር የሚመጣው ብዙው ጥሪ በስካይፕ፣ ቀጥሎ በቫይበርና በኢሞ ነበር። ከሊባኖስ የቤት ሠራተኞች መካከል ለረጅም ዓመታት ትልቁን ቁጥር ከያዙት አንዱ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ለእነሱ ስልክ ማለት ኢሞ ማለት ነው። ይህ ጥሪ በ4594 ሰንጠረዥ ውስጥ የት ነው? በጠባዩ ስልክ ነው፣ ከላይኛው ረድፍ። በምልክቱ ግን ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው፣ ያልተለየ ሁሉ ከሚወድቅበት ከተራው መደብ። ከዚያም በፊት በር አለ። የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከቀጣሪዋ ጋር በሚያስረው በከፋላ ሥርዓት ቀጣሪ ቤት ውስጥ ለምትኖር ሴት የመጀመሪያው ፈታሽ ስዊቹም ኦጄሮም አይደለም፤ የዋይፋዩን ኮድ የምትሰጠው ወይም የምትከለክለው ማዳም ናት። ስልካቸው የሚቀማባቸውም አሉ። በጁን 2020 ቀጣሪዎች በሐዝሚዬ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ሠራተኞቻቸውን አምጥተው ሲጥሉ፣ ብዙዎቹ አስፋልት ላይ ተቀምጠው የያዙት ነገር ቢኖር ሻንጣና፣ ላላቸው፣ ስልክ ነበር። ስለ አገልግሎት መደብ የተጻፈ ሰነድ ይህን ሁሉ ይመልስ ማለቴ አይደለም። ጥሪው በየትኛው ረድፍ እንዳለ በጠባይ መለየትና በተግባር የት እንደሚቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን ሰንጠረዡ አይነግረንም።

ሰነዱን በራሱ ሜዳ ላይ የማጠብቅበት ነጥብ ይህ ነው። ዝቅተኛው መደብ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጅ፣ የሶፍትዌር ማደሻ፣ ማንም የማይጠብቀው ማውረድ፣ 8 ቁጥር ተሰጠው። በሐሳብ ደረጃ ይህ ከሰነዱ ብልህ ክፍሎች አንዱ ነው። ሁሉም ወደ ላይ ለመውጣት በሚጋፋበት ጊዜ ራሱን ፈቅዶ ከሁሉም በታች የሚያደርግ ትራፊክ ይኑር ይላል፤ መስመር ባዶ ሲሆን ይጠቀማል፣ ሌላው ሲመጣ ይነሣል። ዝቅ የሚል ምልክት የሚሰርቀውም የለም። ስለዚህ እምነት አይጠይቅም፤ ዜሮ የሚያደርገው ፈታሽ ቢመጣ እንኳ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ለቤሩት መስመር የሚሆነው ይህ ነው የምለው ለዚህ ነው። ዶራ ያለው ቢሮ ጥሪውን ወደ ላይ ለመግፋት ከሚታገል፣ ካሜራውንና የኮምፒውተር ማደሻውን ወደ ታች ቢያወርድ ውጤቱ ዛሬውኑ ይሰማል።

ቁጥሩ ግን ስሕተት ነበር። በ1998ቱ ደንብ 8 ከ0 በታች እንዳይስተናገድ የሚጠይቅ ነገር አለ፤ 8 ያለበት የቁጥሮች ቤተሰብ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቢያንስ እኩል ወይም የተሻለ አገልግሎት ያገኛል። ስለዚህ 4594ን ያላነበበ፣ የቀደመውን ደንብ ብቻ የሚከተል ስዊች 8 የተጻፈበትን ፓኬት ከተራው አስቀድሞ ሊያሳልፈው ይችላል። ዝቅ በል ተብሎ የታተመ ምልክት አንዳንድ ቦታ ከፍ በል ሆኖ ይነበባል። በኤተርኔቱ ሦስት ቢት ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ 8 እዚያ 1 ሆኖ ይመዘገባል፣ 1ም እዚያ ከ0 በታች ነው። ሁለት መሣሪያ ተያይዘው አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ሲያነቡት ባለሙያው ቀኑን ሙሉ ኬብል ሲቀይር ይውላል። ይህ የታረመው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በጁን 2019፣ ሮላንድ ብሌስ በጻፈው 8622 ነው፤ ዝቅተኛው መደብ አዲስ ቁጥር፣ 1፣ ተሰጠው። አሮጌ ስዊች 1ን ካላወቀው እንደ ተራ ያስተናግደዋል እንጂ አያስቀድመውም። በ2006 ሰንጠረዡን ሲሠሩ ከ0 በታች የሚነበብ ቁጥር ከዚያ ቤተሰብ ውጭ መፈለግ ይቻል ነበር፤ ቦታውም ነበር፣ 64 ቁጥር አለ።

ስለ ተፎካካሪው አሳብ ሳልናገር ብዘጋ ፍርዴ ጎዶሎ ይሆናል። ከ2010 በኋላ ሌላ መንገድ ጠነከረ፤ ምልክት አታንብብ፣ እያንዳንዱን ንግግር ለየብቻ አሰልፍና በተራ በተራ አሳልፍ፣ ወረፋ ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየውን ጣል የሚል። በጃንዋሪ 2018 በ8290 የተጻፈው ኤፍኪው ኮዴል የዚህ ወገን ዋና ሥራ ነው። ከመደብ ይልቅ ከፍትሕ ይነሣል፦ በሰከንድ 50 ትንንሽ ፓኬት የሚልክ ጥሪ ድርሻውን ስለማያልፍ ሳይለመን ቶሎ ያልፋል፤ መስመሩን የሚያጥለቀልቀው ካሜራ ራሱ ይጠብቃል። በኢሞ የተደወለውም በውድ የቢሮ ስልክ የተደወለውም በእኩል ዓይን ይታያሉ። ሐቁን ለመናገር 4594 ይህን መንገድ አልዘጋም፤ ለፋይልና ለተራው ትራፊክ ወረፋውን በንቃት ማስተዳደርን ይመክራል። ግን ምክሩ ከሰንጠረዡ ሥር የተቀበረ ስለሆነ ሰው የሚያስታውሰው 46ን ነው። ዶራ ላለው ቢሮ ከሞደሙ በፊት እንዲህ የሚሠራ ራውተር አስቀምጦ የሚልከውን ፍጥነት በእውነት ከተለካው ጥቂት ዝቅ ማድረግ፣ ስዊቹ ላይ አሥራ ሁለት መደብ ከመትከል ይበልጣል። እንዲህ ሲደረግ ወረፋው ከሞደሙ ወጥቶ ባለሙያው ወደሚያየው ቦታ ይመጣል። ትልቅ ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ባንክ ከሆነ፣ በአንድ እጅ የሚታዘዝ ብዙ ስዊችና ብዙ ስልክ ካለ፣ ያን ጊዜ ሰንጠረዡ ያስፈልጋል፤ እዚያ ከ4594 የተሻለ መነሻ አላውቅም።

የቤት ጥሪ የሚሄደው ግን በዋይፋይ ነውና አንድ ነገር ይጨመር። ዋይፋይ አራት የራሱ መደብ አለው፤ ብዙ መሣሪያ የዲኤስሲፒውን የመጀመሪያ ሦስት ቢት ብቻ ወስዶ ይመድባል። 46 በዚህ ስሌት 5 ይሆናል፤ 5 ደግሞ በዋይፋይ የቪዲዮ መደብ ነው፣ የድምፁ የሚጀምረው ከ6 ነው። በሰንጠረዡ በትክክል የታተመ ድምፅ አየር ላይ ሲወጣ ከቪዲዮ ጋር ይቆማል። ይህን ያስተካከለው በፌብሩዋሪ 2018 የወጣው 8325 ሲሆን ከሦስቱ ጸሐፊዎቹ አንዱ ያው ፍሬድ ቤከር ነው። ኖርቴል ግን በዚያን ጊዜ የለም፤ በጃንዋሪ 2009 ኪሳራውን አስመዝግቦ ተሸንሽኖ ተሽጧል።

ሰነዱን ዛሬ የሚያነብ ባለሙያ እንግዲህ ብቻውን አያንብበው። 8622ን ከጎኑ ያስቀምጥና ዝቅተኛው መደብ ላይ ያለውን 8 በእርሳስ ሰርዞ 1 ይጻፍበት፤ ዋይፋይ ካለ 8325ን ይጨምር። ስዊቹን ከመንካቱ በፊት ግን ወደ ላይ የሚልከው መስመር ስንት ሜጋቢት እንደሆነ ማታ ማታ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚጠቀምበት ሰዓት፣ ለክቶ ይጻፈው።